ወተት የጠጣ እንግዳ

ትናንት ሰመራ ቤቴ ውስጥ ዱቄት ወተት ስበጠብጥ ግማሹ ፈሰሰብኝ። የሰፈራችን ሸኽ ሳሎን ተቀምጠዋል፤ የመጡት ልጄን አሻን ሊመክሩ ነው። አሻ አዋሽ ዳር የሚኖረውን አጎቴን ፊልም ቀርጻዋለች፣ ቅዳሜ አዳራሽ ሊታይ ነው። አጎቴ ጊኒሊ ነው፣ የሚመጣውን ይተነብያል፤ ወንዶች ከበውት እያጨበጨቡ ሲያዜሙ ስለ ዝናብና ስለ ግጦሽ ይናገራል። ሸኹ ሽርክ ነው፣ በአላህ ላይ ማጋራት ነው፣ ይጥፋ ይላሉ። ካሜራውን የሰጧት የአዲስ አበባ ሰዎች ደግሞ ጋኔን እንደያዘው ሰው ይንቀጥቀጥልን ብለዋት እንቢ ብላለች። ከሁሉም ተጣልታ እዚህ ከተማ እንዴት ልትኖር ነው?

ልጅ እያለሁም አሳይታ አጠገብ እንዲሁ ፈርቼ አውቃለሁ። ዝናብ የዘገየበት ዓመት ነበር። ወንዶቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው አጎቴን ከበቡት፤ አቧራው፣ ፀጉራቸው ላይ የቀለጠው ቅቤ አሁንም ይሸተኛል። እኛ ሴቶች ልጆች ከሰሌኑ ጎጆ ጀርባ ሆነን እናያለን። በመሃል አንድ ወጣት ሸኽ ዱላ ይዞ ከከተማ መጣ። ሊበትናቸው ነው ብዬ የእናቴን ቀሚስ ያዝኩ። እናቴ ግን በጭስ የታጠነውን የወተት ዕቃ አቀበለችው።

«መጀመሪያ ጠጣ፣ መንገዱ አድርቆሃል።»

«ይኼን ነገር አስቁሚ እንጂ ወተት ምን ያደርግልኛል?»

«ዝናቡን የሚያወርደው አላህ ነው። ወንድሜ መቼ እንደሚደርስ ነው የሚጠይቀው። ወይስ አንተን ልጠይቅህ፣ መቼ ይዘንባል?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሱም ስቆ ጠጣ። በእኛ ዘንድ ወተትህን የጠጣ ሰው እዚያው ደጅህ ላይ አይረግምህም። ዕቃውን ጨርሶ እስኪመልስ ዜማውም አለቀ።

ትናንት አሻን ኩሽና ጠርቼ «በአላህ ይዤሻለሁ፣ አጥፊው» አልኳት።

«እማ፣ አጎትሽ ሲሞት ማን ያሳየናል?»

የበጠበጥኩትን ወተት በብርጭቆ ወስጄ ሸኹ ፊት አስቀመጥኩት።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ነገሩን እንጨርስ» አሉ። አሻም አላጠፋም አለች። ነገ እመለሳለሁ ብለው ሳይጠጡ ወጡ።

ያኔ እንግዳ ገና ከደጅ ወተቱ ይሸተው ነበር። የእኔ ከቆርቆሮ የወጣ ነው፣ ጭስ አያውቅም። የእናቴም ድፍረት የለኝም። ግን ዛሬ ከጎረቤት የፍየል ወተት ለምኜ፣ የእሷን ዕቃ ከሣጥን አውጥቼ እያጠንኩት ነው።