ወንፈል በችግኝ ጣቢያ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ጉሙ ከጮቄ ተራራ ወርዶ የችግኝ መደቦቹን ሸፍኗቸው ነበር። የካቦው የሽባባው ድምፅ ብቻ ይሰማል። «የጫካ አፈር፣ አሸዋ፣ የበሰበሰ ፍግ» ይላል። «በወንፊት ንፉት። ፕላስቲኩን ስትሞሉ መሬት ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጉት፤ ውስጡ አየር ከቀረ ሥሩ ይደርቃል።» ባለቤቴ ታደለ ከጎኔ ቆሟል፤ እጁን እንጂ ፊቱን አላይም።

ወደ ጣቢያው ያመጣን መሬታችን ነው። ከሮብ ገበያ በላይ ተዳፋቱ ላይ የነበረን የገብስ ማሳ አፈሩ እየታጠበ ስላስቸገረ እንዳይታረስ ከተራራው ጋር ተከለለ። በምትኩ ሥራ ተሰጠን፤ ለእኔ የጽድና የኮሶ ችግኝ ማፍላት፣ ለእሱ የተከለለውን መሬት መጠበቅ።

«ያረስሁትን መሬት በሬ እንዳይገባበት እጠብቃለሁ» ይል ነበር እየሳቀ። «በሬውም የራሴ ነው።»

ውላችን «ጊዜያዊ» ይላል። የክረምቱ ተከላ ሲያበቃ ያልቃል፤ መስከረም ላይ እንደገና እንፈርማለን። ለብዙ ዓመት እንዲሁ ነበር። ሳጠጣ፣ ሳርም፣ ችግኙን ከዳሱ ጥላ ወደ ፀሐይ ሳለማምድ፣ ዓመቱ መቼ አልቆ መቼ እንደጀመረ አይታወቀኝም።

አንድ ሰኔ ታደለ ታመመ። ሳንባው ነው አሉን።

«ፈቃድ ስጠኝ፣ ሽባባው» አልሁት።

«እትዬ የሺ፣ ለጊዜያዊ ሠራተኛ ፈቃድ የለም። ከቀሩ ሌላ ሰው ይተካል። ትእዛዝ ነው።» ይህን ሲል ዓይኔን አላየም።

ማሳው ተከልሏል። ሥራውም ከሄደ የምንኖርበት የለንም።

አጠገቤ ያለውን መደብ የያዘችው ጥሩወርቅ ሰማች። «አንቺ ሂጂ» አለችኝ። «እኛ ወንፈል እንገባልሻለን።» በአገራችን በሽተኛ ያለበት ቤት አዝመራው ሜዳ ላይ አይቀርም፤ ጎረቤት በተራ ያጭድለታል። ለችግኝ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የሆነውን በኋላ ነገሩኝ። ካቦው ጠዋት ስም ሲጠራ «የሺ!» ይላል።

«መደቧ ታርሟል» ትላለች ጥሩወርቅ።

በማግስቱም «የሺ!»

«ከፕላስቲኩ ያለፈው የችግኟ ሥር ተቆርጧል።»

«እኔ የምጠራው ሰው ነው!»

«ጽዱ መች ሰው ለየ? አንተን ምን አስጨነቀህ?»

ሴቶቹ ይስቃሉ። እሱም ቀጣዩን ስም ይጠራል። ሌላ ሰው አልተካብኝም።

እኔ ከአልጋው ሥር ነበርሁ። ታደለ ጣራው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ያዳምጣል። «ከገብሱ ማሳ የተተከለው ጽድ ጸደቀ?» ይለኛል። «ጸድቋል» እለዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ እንደ አዲስ ይጠይቃል፤ እንደ አዲስ እመልሳለሁ። ዝናቡ ባባራበት ጠዋት አልጠየቀኝም።

ከአርባው በኋላ ስመለስ መደቤ ላይ አንድ አረም የለም። የማርመው ሳጣ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ሽባባው መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ነገ ሁላችንም ማርቆስ ወርደን አቤት እንበል» አለ። «የእኔም ውል ጊዜያዊ ነው።»

የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ያገኘናት ልጅ ነገሩን ሁለት ጊዜ አስነገረችን። «ችግኝ በየዓመቱ የሚፈላ ከሆነ ሥራው ጊዜያዊ ሊባል አይገባም። እስካሁን የት ነበራችሁ?»

«ማን ፈቃድ ሰጥቶን እንምጣ?» አለች ጥሩወርቅ።

ውሉ ወደ ቋሚ ተቀየረ። ቶሎ አይደለም፣ ግን ተቀየረ።

አሁን የዓመት ፈቃድ አለኝ። ሲደርሰኝ ወደ ገብሱ ማሳ እወጣለሁ። ጽዱ ከቁመቴ አልፏል። ጉም ሲገባበት ከወዲያ ማዶ በሬ የሚመልስ ሰው ያለ ይመስለኛል። «ጸድቋል» እላለሁ፤ ጥቂት እቀመጥና እወርዳለሁ።

አዲስ ለምትገቡ፦ ከመፈረማችሁ በፊት ሰው ቢታመምባችሁ ምን እንደምትሆኑ ጠይቁ። እኛ የጠየቅነው ታደለ ከሞተ በኋላ ነው።