ያልተቀመጡት ሽማግሌዎች

ባለፈው ቅዳሜ አርሊንግተን ውስጥ ፀጉሬን ስስተካከል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን የሆኪ ወሬ ያወራ ነበር። የከተማችን ቡድን አንድ ወጣት ተከላካይ “ለእድገቱ ሲባል” ወደ ታችኛው ሊግ ልኮታል። ሳቄ ሲያመልጠኝ ፀጉር አስተካካዩ ፍሬው ምላጩን አነሳ።

“ምን ያስቅሃል? ዴቨሎፕ እንዲያደርግ ነው እኮ። ማለቴ፣ በኋላ ይመልሱታል።”

“አዎ፣ ይመልሱታል” አልኩት። ጆሮ ሥር ምላጭ ይዞ ከቆመ ሰው ጋር መከራከር ደግ አይደለም።

ያን ቃል አውቀዋለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ለእኔም ተብሏል። ያደግኩት እዚሁ አቅራቢያ፣ ሳክሲ በምትባል ከተማ ነው። የአገሬ ልጆች ኳስ ሲራገጡ እኔ፣ ነሐሴ ላይ አስፋልቱ ጫማ ሊያቀልጥ በሚደርስበት አገር፣ በረዶ ላይ መንሸራተት ተምሬ የሆኪ ተከላካይ ሆንኩ። ሥራዬ ወደ ኋላ እየተንሸራተትኩ አጥቂውን ከግብ ማራቅ ነበር። ፎርት ዎርዝ አካባቢ ያለ አንድ ትንሽ ቡድን ወሰደኝ። አሰልጣኙ ጥርሱ ከልክ በላይ የነጣ፣ ማስቲካ ከአፉ የማይጠፋ፣ የማንንም ስም አስተካክሎ የማይጠራ ሰው ነበር። አንድ ቀን አስጠራኝና ካንሳስ ወዳለ የታችኛው ሊግ ቡድን እንደምሄድ ነገረኝ። “ለእድገትህ ነው” አለኝ፣ ስልኩን እያየ። እኔም ሞኙ አመሰገንኩት።

አባቴ ነገሩ የገባው በራሱ መንገድ ነው። ልጁ ከአለቃው ጋር ተጣልቷል፤ የተጣላ ደግሞ በሽማግሌ ይታረቃል። ሳይነግረኝ ሦስት ሽማግሌ ላከ። አፈ ጉባኤያቸው ጋሽ ደረጀ ነበሩ፤ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ፣ ቀጠን ያሉ፣ እንግሊዝኛ የሚችሉት እሳቸው ብቻ። ዕቃዬን ልሰበስብ ሄጄ በአሰልጣኙ ቢሮ መስታወት አየኋቸው። ከውጭው እሳት በሙሉ ሱፍ መጥተው፣ የበረዶ ሜዳው ቅዝቃዜ ላባቸውን አድርቆ ያንቀጠቅጣቸው ነበር።

አሰልጣኙ ወንበር አሳያቸው። አልተቀመጡም። ወጉ ነው፤ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ሰውየው ይህን ከየት ይወቀው? ደግሞ ለመናቸው፤ ውሃ አቀረበ፤ አልነኩም። ሦስት ሰው ቁልቁል ሲያየው ጊዜ እሱም ተነሳ። ማስቲካውን ወረቀት ላይ ተፋና መናገር ጀመረ። እኔ ከውጭ ሆኜ በሀፍረት ልሞት ነበር። ያን ጊዜ የናቅኩት እሱን አይደለም፤ እነሱን ነው።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወጡ። መኪና ማቆሚያው ላይ ጋሽ ደረጀ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

“ልጄ፣ ሰውየው እውነቱን አወጣ። በቦታህ ሌላ ልጅ ፈርሟል፤ አይመልስህም። ‘ለእድገትህ’ ያለህ ፊትህን ማየት ፈርቶ ነው። ሶ፣ ካንሳስ ምን ትሠራለህ? ዩኒቨርሲቲው እዚሁ አርሊንግተን አለልህ፣ አፕላይ አድርግ።”

“እርስዎ ስለ ሆኪ ምን ያውቃሉ?” አልኳቸው። “ታክሲዎን ይንዱ።”

ኮታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ጣል አደረጉና ሄዱ።

ካንሳስ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ሜዳው ሁሉ ነጭ በሆነበት መንገድ በአውቶቡስ እየተጓዝኩ፣ እንደ ካርቶን የደረቀ ሳንድዊች እያኘክሁ፣ ስልክ ጠበቅኩ። ማንም አልደወለም። በሁለተኛው ዓመት ጉልበቴ ተበላሸ፣ ውሌም አልታደሰም። እንዲህ ያለውን አሰልጣኝ እስከ ዛሬ እንቃለሁ። ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ ጨካኝ ቢሆን “አትረባም” ብሎ ይገላግለኝ ነበር። ፈሪ ነው፤ ፍርሃቱን ደግሞ እንደ ስጦታ ጠቅልሎ ይሰጥሃል፣ አንተም ታመሰግነዋለህ።

ከፀጉር ቤቱ ወጥቼ ቀጥታ ወደ ማኪኒ ከተማ ነዳሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አርፈዋል። ጋሽ ደረጀ ግን እዚያ ልጃቸው ቤት ናቸው፤ ጓሮ ቲማቲም ውሃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። የዚያን ቀን የተናገርኩት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል አልኳቸው።

“ተቀመጥ” አሉኝ፣ የፕላስቲክ ወንበር እያሳዩኝ።

“ይቅር ካላሉኝ አልቀመጥም።”

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

“ያ ሰውዬ እንኳ እውነቱን ለማውጣት አሥር ደቂቃ ነው የፈጀበት” አሉ። “አንተ ሃያ ዓመት ፈጀብህ።”

ከዚያ ወደ ቲማቲማቸው ዞሩ። ያን አሰልጣኝ እየናቅኩ ኖሬ፣ እስከዚያ ድረስ ከእሱ የባሰ ፈሪ መሆኔን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ውሃቸውን አጠጥተው እስኪጨርሱ ፀሐዩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው።