ቀላሏ ሰይቼንቶ

ባለፈው ሳምንት ወልድያ ያለችው ልጄ ደወለችልኝ። ስለ ጉልበቴ ሕመም፣ ስለ ቆቦ ሙቀት ከጠየቀችኝ በኋላ ባለቤቷ አዲስ አበባ ላይ አንዲት ያገለገለች የእሽቅድምድም መኪና ሊገዛ መሆኑን ነገረችኝ። ትንሽ ናት አለችኝ፤ ውስጧን አራግፈው፣ በሮቿን ለውጠው በጣም አቅልለዋታል። እሱ ደግሞ ታርጋ አውጥቶ በመንገድ ላይ ሊነዳት አስቧል። "አባዬ፣ ምን ትላለህ?" ብላ ጠየቀችኝ። ኔትወርኩ የተቆራረጠ አስመስዬ ዘጋሁት። ከዚያ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቼ ቁጭ አልኩ። ምሳዬ ቀርቦ ሲቀዘቅዝ እያየሁት አልተነሳሁም።

ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እኔ ያኔ ቆቦ ላይ አስተማሪ ነበርኩ። ኪሮስ የሚባል አብሮ አደግ ጓደኛ ነበረኝ። አባቱ ከደቡብ ትግራይ መጥተው ቆቦ የከተሙ የእህል ነጋዴ ነበሩ። እናቱን ሰፈሩ ሁሉ አደይ ለተብርሃን ይላቸዋል። አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፤ እኔም ከኪሮስ ጋር አደይ እያልኩ፣ ከእሳቸው ሞሰብ እየበላሁ ነው ያደግሁት።

ኪሮስ የአባቱን ትሬንታ ኳትሮ ይነዳ ነበር። ያ የጣልያን ጭነት መኪና አቀበት ላይ ሲያቃስት ከጎኑ የሚሄድ ባለ አህያ ቀድሞት ያልፋል። ኪሮስ መሪውን እንደያዘ ያንን ባለ አህያ በዓይኑ ሲሸኝ አስታውሳለሁ። ልቡ ከፍጥነት ጋር ነበር። ጤፍ ጭኖ አስመራ በሄደ ቁጥር ጣልያኖቹ የሚሽቀዳደሙባቸውን መኪኖች ጋራዥ ለጋራዥ እየዞረ አይቶ ይመጣል፤ ሲመለስም ሌላ ወሬ የለውም።

አንድ ሰኔ ትምህርት ሲዘጋ አስመራ ይዞኝ ሄደ። ሁለታችንም ያጠራቀምነውን ገንዘብ ይዘን ነበር። ወደ አገራቸው ሊመለሱ ዕቃቸውን የሚሸክፉ አንድ ሽማግሌ ጣልያን ጋራዣቸው ጥግ ላይ ሸራ ለብሳ የቆመች ሰይቼንቶ የምትባል ትንሽ የጣልያን መኪና አሳዩን። ሸራው ሲነሳ ኪሮስ ተጠግቶ ዳሰሳት። በሮቿ ከስስ አሉሚኒየም ተቆርጠው የተሠሩ ናቸው። መስታወቶቿ በፕላስቲክ ተተክተዋል፤ የኋላ መቀመጫ የላትም፤ ብረቷ ሳይቀር ክብደት እንዲቀንስ እዚህም እዚያም ተበስቷል። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ፊቷ ባዶ ነው። ኪሮስ የፊት መከላከያዋን ይዞ ብቻውን ከመሬት ብድግ ሲያደርጋት እንደ ሕፃን ሳቀ።

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ለውድድር እንጂ ለመንገድ እንዳልሠሯት፣ እሳቸው ቢሆኑ እንደማይነዷት በጣልያንኛ ነገሩት። ኪሮስ ለእኔ የተረጎመልኝ ግማሹን ብቻ ይመስለኛል። ያለንን አዋጥተን ገዛናት።

ወደ ቆቦ የተመለስንበትን ጉዞ ዛሬም በሕልሜ እሄደዋለሁ። ኮረም ላይ ብርድ ነበር፤ የግራካሕሱን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ ሙቀቱ ከታች ወደ እኛ ይወጣል። አላማጣ አንዲት ሴት ቤት ገብተን ትኩስ ሽሮ በቃሪያ በላን፤ ሴትዮዋ ከደጅ የቆመችውን መኪና እያየች ልጆች የሚጫወቱባት መስሏት ነበር። ከዋጃ በኋላ ሜዳው ተዘረጋ። ማሽላው ገና ከጉልበት አላለፈም፤ መንገዱ ከፊታችን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ኪሮስ ቤንዚን ረገጠ። በተበሱት ቀዳዳዎች አቧራው ከእግራችን ሥር ይገባል፤ ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ ስለሌላት ድምጿ አዲስ አቡጀዲ ሲቀደድ ይመስላል። ፈርቼም ተደስቼም ነበር፤ የቱ እንደሚበልጥ ያኔም አላወቅሁም።

አደይ ለተብርሃን ድምፁን ሰምተው በር ላይ ጠበቁን። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሩና በሩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

"ኪሮስ ልጄ፣ ይህች እኮ ጣሳ ናት" አሉት።

አቅፎ ሳማቸው። ያን ክረምት ሮቢት ሻይ ጠጥተን፣ ጎብዬ ገበያ አይተን፣ ያለ ምንም ጉዳይ ስንመላለስ ከረምን። ያ የአቡጀዲ ድምፅ ገና ከሩቅ ሲሰማ አደይ ምሳ ያቀርባሉ፤ እኛ በር ስንደርስ ወጡ በማዕድ ላይ ይጠብቀናል። መኪና ስሙን እየጠራ የሚመጣለት ሰው ከኪሮስ ሌላ በቆቦ አልነበረም።

ፍልሰታ ተፈትቶ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ከጎሊና ወንዝ ማዶ ያሉ አክስቱ ጠሩን። ዶሮ በልተን፣ የበቆሎ እሸት ጠብሰውልን፣ ጠላ ቀምሰን ከሰዓት በኋላ ተነሳን። ጎሊና በዚያ በኩል ያኔ ድልድይ አልነበረውም። ወንዙ ሰፊ አሸዋ ነው፤ መሀል ለመሀል ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን ውሃ ይሄድበታል፤ መኪናም ከብትም በዚያው ያልፋል። የራያ ሰው ግን አሸዋው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቀና ብሎ የምዕራቡን ተራራ ያያል። በእኛ ላይ ጠብታ ሳይወርድ እዚያ የዘነበው ነው ድንገት የሚመጣው። እኛም አየን። ተራራው አናቱ ላይ ጥቁር ደመና ነበረው፤ ነገር ግን በነሐሴ ያ ደመና የማይኖርበት ከሰዓት የለም።

መሀል ስንደርስ ጎማው ሰመጠ። ወርጄ ገፋሁ፤ ወጣች፤ ጥቂት ሄዳ እንደገና ሰመጠች። ወደ እሷ ስራመድ ከኋላችን ዳር ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ወደ ላይ አንስተው ሲጣሩ ሰማሁ። በዚያው ቅጽበት ከላይ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ፤ የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። ከነፋሱ በስተጀርባ ብዙ ጭነት መኪና በአንድ ላይ የሚመጣ ዓይነት ድምፅ ነበር።

ትቷት እንዲወጣ ጮህኩለት። ኪሮስ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ወደ ላይ አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አልተረበሸም።

"ትንሽ ነው የቀራት" አለኝ። "አንተ ውጣ፤ እኔ አወጣታለሁ።"

ሮጥኩ። ሽማግሌው እጄን ይዘው ወደ ዳሩ ሲስቡኝ ውሃው ደረሰ። ቡናማ ነው፤ ከፊቱ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍና የሞተ በሬ ይገፋል። ከባድ መኪና ቢሆን ይገለብጠው ነበር። ሰይቼንቶዋን ግን አልገለበጣትም። ከአሸዋው ላይ አነሳትና ቀጥ እንዳለች አንሳፈፋት። ፊቷን ወደ ወንዙ መውረጃ አዙራ ከውሃው ጋር መሄድ ጀመረች። ኪሮስ ውስጧ ተቀምጧል። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፤ ቀስ አድርጎ ወደ ግራ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ቀኝ ያዞረዋል። ዛፉ ሲቀርባት ከዛፉ የሚያሸሻት ይመስል ነበር። ድምጿንም የሰማሁ ይመስለኛል፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ሊሰማ እንደማይችል አውቃለሁ። ወንዙ ከሚታጠፍበት ደርሳ ከዓይናችን ጠፋች።

ሽማግሌው እጄን ሳይለቁ "ነዳት እኮ" አሉ።

አገሩ ሁሉ ወጥቶ ፈለገ። መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲጎድል መኪናዋ ወንዙ ሜዳው ላይ ከሚበተንበት ቦታ እስከ ግማሿ በአሸዋ ተቀብራ ተገኘች። በሮቿ ተዘግተዋል፤ የሾፌሩ መስኮት ወርዷል። ውስጧ ሰው የለም። የኪሮስ ጫማ መቀመጫው ሥር፣ ጎን ለጎን፣ አሸዋ ሞልቶበት ነበር።

ያ ጫማ ነው ነገሩን ያከበደው። አደይ ለተብርሃን ጫማውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጫማውን ያወለቀ ሰው ለመዋኘት ያወለቀ ነው አሉ፤ የዋኘ ደግሞ ወጥቷል። ለቅሶ የመጣውን ሰው በትሕትና መለሱት። የአርባው ቀን ሲደርስ የነፍስ አባታቸው መጥተው ለመኑ፤ ተዝካር አይወጣም አሉ። አባትየው በሐዘን ከሰል መስለው በዓመቱ አረፉ። ለእሳቸው ተዝካር ወጣ፤ ለኪሮስ አልወጣም።

በመንገዱ መኪና ባለፈ ቁጥር አደይ በር ላይ ይወጣሉ። ምሳውም በሰዓቱ ይቀርባል። እኔም አብሬያቸው እቀመጥ ነበር፤ ከእኔ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ወጥ ይጨለፍበታል፤ ቆይቶም ይነሳል። ሰዎች ክረምት ላይ ጎሊና ሲሞላ ያን ድምፅ እንሰማለን ማለት ጀመሩ። አልተቆጣኋቸውም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አቡጀዲ ሲቀደድ ሰማሁ። ዞር ስል ተማሪዎቼ አጎንብሰው ይጽፋሉ፤ አንዳቸውም ቀና አላለም።

በሁለተኛው ዓመት ከአፋር በኩል ጨው የሚያመጡ ሁሴን የሚባሉ ነጋዴ ገበያ ላይ አገኙኝ። ከዞብል ወዲያ ቆላ ውስጥ፣ አንድ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ፣ ሞተር የሚጠግን ደገኛ አለ አሉኝ፤ አማርኛም ትግርኛም ይናገራል፤ አገሩን ሲጠይቁት ግን ዝም ይላል። "ኢንሻአላህ እሱ ይሆናል" አሉኝ። አደይ ስንቅ ቋጠሩልኝ፤ የኪሮስን ጫማም ቀብተው ሰጡኝ። ከግመሎቹ ጋር ወረድኩ።

ሰው ሊፈልግህ መጥቷል ሲሉት ሰውየው ዘይት የነካውን እጁን በሸሚዙ እየጠረገ በሩጫ ወጣ። ፊቴን ሲያይ ቆመ። እኔም ቆምኩ። ከእኛ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ረጅም፣ ጠይም ሰው ነው። ኪሮስ አይደለም።

የግመል ወተት ሰጠኝና ጥላ ሥር ተቀመጥን። ማን ፍለጋ እንደመጣሁ ነገርኩት።

"ከቤቴ የመጣ ሰው መስሎኝ ነበር" አለኝ።

ኃይሉ ይባላል። ማይጨው ነው ያደገው። በወጣትነቱ ከአባቱ ተጣልቶ ወጥቶ፣ ዓመት ዓመትን ሲጎትተው መመለስ አሳፍሮት ቀረ። የእናቱን ስም ስጠይቀው ነገረኝ፤ ከዚያ ተነስቶ ወደ ሞተሩ ሄደ።

ቆቦ ስመለስ አደይ በር ላይ ነበሩ። ብቻዬን መሆኔን ከሩቅ አይተዋል። ሁሉን ነገርኳቸው። ጫማውን ከእጄ ተቀብለው ስለዚያ ሰው "የማን ልጅ ነኝ አለህ?" ብለው ጠየቁኝ። በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ማይጨው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ልጃቸው ከጠፋ ወዲህ ድንገት ይመጣ ይሆናል እያሉ ከቤታቸው ርቀው አያውቁም ነበር።

ከማይጨው የተመለሱት የኃይሉን እናት አግኝተው ነው። የነፍስ አባታቸውን አስጠሩ፤ እኔም ነበርኩ።

"ልጅሽ በሕይወት አለ ስላት አልደነገጠችም" አሉን። "'አውቅ ነበር' ነው ያለችኝ፤ እንዲሁ ረጋ ብላ። ቤቷ ቁጭ ብዬ እሷን ሳያት ራሴን አየሁ። እኔም አውቅ ነበር ለካ። የማውቀው ግን ሌላ ነው።" ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረው ተዝካሩ ይውጣ አሉ።

ድንኳን ተተከለ፤ ከሮቢትም ከጎብዬም ሰው መጣ። ከማይጨው አንዲት አሮጊት፣ ልከው ያስመጡት ረጅም ጠይም ልጃቸው ክንዳቸውን ደግፎ ይዟቸው መጡ። ኃይሉ ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲፈልጥና ውሃ ሲቀዳ ዋለ። ሁለቱ እናቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። አደይ ለተብርሃን ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥተው ያለቀሱት፤ ሴትዮዋም ጀርባቸውን ይዘው አብረው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ አደይ ለመኪና ድምፅ ከቤት ሲወጡ አይቼ አላውቅም። እስከ ዕለተ ሞታቸው በሰላም ኖሩ።

ለልጄ በማግስቱ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ግዙ ወይም አትግዙ አላልኩም። እሷም አልጠየቀችኝም።

አሁን በዚያ በኩል ድልድይ ተሠርቷል። ባጃጁም ሚኒባሱም ሳያዘግም ያልፋል፤ ከሥሩ ያለውን አሸዋ ልብ የሚለው የለም። አደይ እውነቱን አውቀው ዐረፉ፤ እኔ ግን አብሬያቸው ተዝካሩን በልቼም አልዳንኩም። እሳቸው ያላዩትን አይቻለሁ። የእሳቸው ልጅ ሞቶ ተዝካር ወጥቶለታል፤ እኔ ያየሁት ኪሮስ ግን ገና እየነዳ ነው። ያን ቀን ዳሩ ላይ የቆምነው ሁለት ሰዎች ነበርን። ሽማግሌው ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆናቸው። ሐኪሙ ልብህ ደክሟል፣ ተጠንቀቅ ሲለኝ ስለ ራሴ ብዙም አልፈራም። የሚያስጨንቀኝ፣ እኔ ካለፍኩ በኋላ ኪሮስ በዚያ ውሃ ላይ ብቻውን መቅረቱ ነው።