ምች የተባለው ጥርስ

አንደበትን ለምስጋና የፈጠረ አምላክ ስሙ ከፍ ከፍ ይበል። ባለፈው ቅዳሜ ቡሬ ገበያ አንዲት ሴት የዳማከሴ እስር ዘርግታ ስትሸጥ ሽታው አወደኝ፤ እጄም ሳላውቀው ከመንጋጋዬ ሥር ወዳለው ጠባሳ ሄደ።

ነገሩ የሆነው ከሽንዲ ወዲያ ባለ ደብር ቅኔ ስቆጥር ነው። የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ሲጠዘጥዘኝ ሰንብቶ ነበር፤ ከጉባኤ እንዳልቀር ብዬ ለማንም አልተናገርሁም። አንድ ማለዳ ስነቃ ፊቴ አብጦ አንድ ዓይኔን ደፍኖታል፤ መንጋጋዬም ተቆልፎ ጣት አያስገባም።

የጎጆ ጓዴ አየኝና፣ «ምች ነው! ላብህ ሳይደርቅ ፀሐይ ላይ አትቀመጥ አላልሁህም?» አለ። ዳማከሴ ጨምቆ ቀባኝ፤ ፀሐይ እንዳያገኘኝ በሩን በአጎዛ ጋርዶ ደጁ ላይ ተቀመጠ።

«ሐኪም ቤት ውሰዱት እንጂ» ሲል አንድ የሰፈሩ ገበሬ ሰማሁ።

«አባቴ፣ ምች ላይ መርፌ ካረፈ ሰው አይተርፍም» አለው ጓዴ።

ጥርሴ ነው ብዬ ልጮኽ ሞከርሁ፤ የወጣኝ ግን ማቃሰት ብቻ ነበር። «አይዞህ፣ ሊለቅህ ነው» አለኝ ጓዴ ከውጭ። ሁለት ቀን ሙሉ በጭቃው ስንጥቅ የምትገባ ቀጭን ብርሃን እያየሁ፣ የተማሪውን ዜማ እየሰማሁ፣ በገዛ ፊቴ ውስጥ ታስሬ ተኛሁ። እብጠቱ ወደ አንገቴ ወረደ፤ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ፤ ትንፋሼም አጠረ።

በሦስተኛው ቀን ከጉባኤ መቅረቴ ያሳሰባቸው የኔታ አጎዛውን በምርኩዛቸው ገልጠው ገቡ። ጉንጬን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ሰሙን አገኘሁት፤ ወርቁስ የት ተቀብሯል?» አሉ ፈገግ ብለው።

ጣታቸውን ይዤ በጉንጬ ላይ፣ ጥርሴ ካለበት አሳረፍሁት። ፈገግታቸው ጠፋ።

«ይህ ልጅ የታመመው ጥርሱን ነው! ቃሬዛ አምጡ!»

«የኔታ፣ መርፌው ይገድልብናል!» አለ ጓዴ።

«አንተ ወርቁን ሳታገኝ ልትቀብረው ነበር!»

እስከ ሽንዲ በቃሬዛ፣ ከዚያም በመኪና ፍኖተ ሰላም ደረስን። ሐኪሙ ከመንጋጋዬ ሥር በስቶ መግሉን አፈሰሰው፤ መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጠኝ፤ ጥርሱንም ነቀለው። «አንድ ቀን ብትዘገዩ እብጠቱ ጉሮሮውን ዘግቶ ያንቀው ነበር» አለ። ጓዴ ግድግዳውን ተደግፎ ሰማ።

ከዚያ ወዲህ ከአጠገቤ አልተለየም። ቀጭን አጥሚት በማንኪያ እየቀዳ በጥርሶቼ መካከል ያንጠባጥብልኝ ነበር። አፌ ጥቂት እንደ ተከፈተ ማንኪያውን አስቀመጠና፣

«በል፣ ስደበኝ» አለኝ።

«ጨምርልኝ» አልሁት።

አቀርቅሮ አለቀሰ፤ ከዚያም ጨመረልኝ። እርሱ አፈር ከለበሰ እነሆ ሰነበተ፤ እንዲህ አድርጎ ያጎረሰኝ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ የለም።

አንባቢዬ ሆይ፣ ጌታ ሕመምህን የሚረዳ ሰው አያሳጣህ፤ ቤትህንም ከነቤተ ሰብህ በምሕረቱ ይጋርድልህ።