ሁለቱም አጭር ነበሩ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ወርቄ የሞተችው በሳንባ ምች ነው ይላሉ፤ እኔም አብሬ ስል ኖሬአለሁ። አሁን ያደረግሁትን እጽፋለሁ።

እኔና ወርቄ በሱዳን ድንበር፣ ፋሽጋ ውስጥ ለሰሊጥ አራሚዎች ምግብ ልናበስል ተቀጥረን ነበር። ክረምቱ ከብዶ መኪና በመረሬው ጥቁር አፈር ጭቃ ስለማያልፍ፣ ከዶካ ከተማ የሁለት ቀን መንገድ ጓዛችንን አዝለን በእግር መሄድ ግድ ሆነ። የእርሻው ወኪል ሁለት የዝናብ ልብስ ላከልን። ወርቄ ሳትመጣ ሁለቱንም ዘርግቼ ውኃ አፈሰስሁባቸው። አንደኛው ወፍራም፣ ሰውን ከነሸክሙ የሚያለብስ ነበር፤ ጠብታ አላሳለፈም። ሌላው በትከሻው ስፌት በኩል ውኃውን ወደ ውስጥ ለቀቀው። አይቼ፣ አድርቄ፣ አጣጠፍሁት።

ወርቄ መጥታ፣ «ዕጣ እንጣል እትዬ፤ ዕጣ የእግዜር ነው» አለች። ሰንበሌጥ ቆርጬ የያዝሁት እኔ ነኝ። ረጅሙን የመዘዘች ወፍራሙን ትወስዳለች ተባባልን። እኔ ግን ሁለቱንም አጭር አድርጌ ነበር። አንዱን መዘዘች፤ ከጣት የማይበልጥ አጭር ነው። በእጄ የቀረውን ሳታየው እሳት ውስጥ ጣልሁት።

ዝናቡ በመጀመሪያው ቀን ከቀትር በኋላ ያዘን። ከኋላዬ ሆና፣ «አንቱ ድንኳን ሆነዋል፣ እኔ ወንፊት» እያለች ትስቅ ነበር። እኔም ሳቅሁ። ዱቄቷም ጋቢዋም ራሰ። እርጥቡን ለብሳ አደረች። በማግስቱ ሳቋ ቀረ፤ ግንባሯን ብነካው እሳት ነው። ያን ጊዜ እንኳ፣ «እንለዋወጥ» አልኋት። «ይተዉት እትዬ፣ ዕጣዬ ነው» አለችኝ። ደግሜ አልጠየቅሁም። እርሻው በደረስን በአምስተኛው ቀን ቀበርናት።

አርጅቼ ነበር፣ ብርድ አይስማማኝም ነበር ልበል? ይህን ብቻ ብነግራት ወፍራሙን በደስታ ትሰጠኝ ነበር። አውቅ ነበር። ታዲያ ለምን አልጠየቅኋትም? የእሷ ውለታ እንዳይኖርብኝ ነው። ለመለመን ኮራሁ፤ ለማታለል ግን አልኮራሁም።

ልጇ፣ «እናቴን ያስታመሙልኝ አንቱ ነዎት» እያለች በየበዓሉ ትጠይቀኛለች። ነገም ትመጣለች። ይህን ወረቀት እሰጣታለሁ። ይቅር በይኝ የሚል ቃል አልጻፍሁላትም። እንዲህ ብዬ ብለምናት፣ እሷም እንደ እናቷ ለለመናት ሰው እምቢ ማለት አይሆንላትም።