የወንድሜ ማሳ

ባለፈው ሐምሌ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ስመለስ፣ በቆሎው ጉልበት በደረሰበት መንገድ ዳር አንድ ጦሙን ያደረ ማሳ አየሁ። አረም ወርሶታል። አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ "የማን ነው?" ብላት "ባለቤቱ ዘምቶ ነው፣ እማማ" አለችኝ።

እኔም ወንድም ነበረኝ፤ ይርዳው ይባላል። በደርግ ጊዜ ገበሬ ማኅበራችን ለጦሩ ወጣት እንዲሰጥ ተጠየቀና ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። አባታችን ሞቷል፤ ከቤታችን የሚያርስ ይርዳው ብቻ ነበር። ስሙ ሲጠራ ተነሥቶ፣ "እሄዳለሁ። ማሳዬን ግን ማን ያርስልኛል?" አለ።

"እኛ አለን!" አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ። ሊቀመንበሩም "የዘማች መሬት ጦሙን አያድርም" ብሎ በመንግሥት ስም ቃል ገባ። እኔም አምኜ እልል አልኩ።

በመጀመሪያው ክረምት ቃላቸውን ጠበቁ። ደቦው ከጠዋት ሞላ፤ እናቴ ጠላውንና የባቄላ ንፍሮውን ስታቀርብ ዘፈኑ እስከ ወንዙ ይሰማ ነበር። በሁለተኛው ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ መጡ። በሦስተኛው ማንም አልመጣም። የተጠመቀው ጠላ እንስራው ውስጥ ሆመጠጠ። እናቴም ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

"ቃልዎ የት ደረሰ?" ብትለው አንገቱን ደፋ።

"እመይቴ፣ ሰው ከየት ላምጣ? ደቦው ራሱ ጦር ሜዳ ነው" አላት። ልጠላው ብል አልቻልኩም። የሱም ልጅ ሄዷል።

በማግስቱ በሬዎቹን ጠምጄ እርፉን ራሴ ያዝኩ። በኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች እንጂ አታርስም። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

"ምነው ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ቢኖርማ እሱ ያርስ ነበር" አልኳት። ትልሜ ተጣመመ፤ ጤፉ ግን በቀለ።

አጨዳ ላይ ሳለን በክራንች የሚሄድ ወታደር መጣ፤ የይርዳው ጓደኛ ነው። መርዶውን ካረዳን በኋላ ማሳውን ልይ አለ። ዳር ላይ ቆሞ፣ "እስኪሞት ድረስ 'ታርሶልኝ ይሆን?' ይል ነበር። እኔም 'አገሩ ሁሉ ወጥቶልሃል' አልኩት" አለኝ። አገሩ ሁሉ የተባልኩት እኔ ነበርኩ። እንዲያ ብሎ ስላጽናናው ግን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

መንግሥት ቃል ይገባል፣ ሕዝብ ያጨበጭባል፣ ጦሩ ልጁን ይወስዳል፤ ነገ በሬውን ማን እንደሚጠምድ የሚያስብ የለም። ሚኒባሱ ያን አረም የወረሰውን ማሳ አልፎ ሲሄድ ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

"ሲሄድ 'እናርስልሃለን' ያለው አልነበረም?"

"ሁሉም ብለውታል" አለችኝ፣ በመስኮቱ ወደ ኋላ እያየች። "ወንድሜ ነው።"