ከመንገድ የሚታይ ፊደል

ባለፈው ሳምንት ገርጂ አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ከጎኔ ያለችው ልጅ ላፕቶፕ “ጢን” አለ። ቀጭንና አጭር ድምፅ ነው፤ ብረት በጥፍር የተነካ ይመስላል። ቀና ስል ስክሪኗ ጥቁር ነው። ሥዕል የለው፣ ፎቶ የለው፣ ፊደል ብቻ። ዛሬም እንዲህ ያለ ስክሪን የሚጠቀም ሰው መኖሩ ገርሞኝ አንገቴን ሰገግ ሳደርግ ልጅቷ አየችኝና ላፕቶፗን ቀስ አድርጋ ወደ ግድግዳው አዞረችው። አልተቀየምኳትም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ሰው ከጠረጠረኝ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

ጥርጣሬን የሚኮንኑ ሰዎችን አላምናቸውም። እኔ በሕይወቴ ሰውን ልብ ብዬ ያየሁት ስጠረጥር ብቻ ነው። የወደድኳቸው ሰዎች ምን ይለብሱ እንደነበር ብትጠይቁኝ እቀላምዳለሁ። አንዲት የጠረጠርኳቸው ሴትዮ ግን የትኛው ጥፍራቸው እንደተሰነጠቀ ዛሬም እነግራችኋለሁ።

ኢንተርኔት የሚባለው ነገር በከተማው ገና ወሬ ብቻ የነበረበት ጊዜ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ጋ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር፣ በአንድ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ተቀጥሬ ነበር። ቢሮው ምድር ቤት ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ የማሽን ዘይት፣ የቆየ ወረቀትና የሞቀ ፕላስቲክ ትሸታለች። አውሮፕላን ሲነሳ መስኮቱ ይርገበገባል፤ የጀመርነውን ወሬ አፋችን ላይ ይዘን እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ጥግ ላይ አንሶላ የለበሰ ቴሌክስ፣ የድሮው የመልእክት ማሽን፣ አለ። መሀል ላይ አንድ ኮምፒዩተር።

ኮምፒዩተሩ ላይ የተጫነው ፕሮግራም ሥራው ማስመሰል ነበር። የእኛን ማሽን አውሮፓ ካለ አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ ስክሪን ያስመስለዋል። ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኘው ሞደም ደውሎ እንደታመመ ድመት ሲያለቅስ ይቆይና መስመሩ ሲያያዝ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ፊደል መዝነብ ይጀምራል፤ የማን ጭነት በየትኛው በረራ እንደሚመጣ፣ የማን ጭነት የት እንደቀረ። እኛ እያነበብን ለነጋዴዎቹ እንደውላለን፣ መልስ እንጽፋለን።

ማሽኑ አንድ፣ እኛ ሁለት። እስከ ምሳ ሰዓት ሴትየዋ፣ ከሰዓት በኋላ እኔ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቴሌክስ ሲመቱ የኖሩ፣ ክረምት ከበጋ ከአመድማ ሹራባቸው የማይለዩ፣ ሰላምታ እንኳ ቆጥበው የሚሰጡ ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ከመስታወት ክፍሉ ወጣና፣ “ከሰኔ በኋላ ለአንድ ማሽን አንድ ሰው ይበቃል” ብሎን ተመልሶ ገባ። የትኛችን እንደምንበቃ አልተናገረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታውም ቀረ።

ያ ፕሮግራም እንደ ባለቤቱ ፍላጎት የሚለወጥ ነበር፤ የፊደሉን መጠንና ቀለም፣ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ ድምፅ እንደሚያሰማ መምረጥ ይቻላል። እኔ ጥቃቅን አረንጓዴ ፊደል ነበር የምወደው፤ ብዙ መስመር በአንድ ጊዜ ይታየኛል። አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ ፊደሉ ቢጫ ሆኗል፤ አንዷ ቃል የስክሪኑን ግማሽ ትይዛለች። አሳነስኩት። በማግስቱ ከምሳ ስመለስ ደግሞ ተልቋል። አሳነስኩት። እንዲህ እያልን ሳምንታት አለፉ። አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም፤ ቢሮ ውስጥ ጠብ የሚሰነብተው እንደዚህ ነው።

ቀጥሎ ቁልፎቹ ላይ ምልክት አገኘሁ። ከላይኛው ረድፍ ሁለቱ ላይ የጧፍ ሰም ጠብ ተደርጎባቸዋል። ሰሙ ያለበትን ብነካው ማሽኑ ያላዘዝኩትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፈ። በመጨረሻ ደወሉ መጣ። መስመሩ ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ሲጠጋ ማሽኑ “ጢን” ይላል። በጠዋቱ ፈረቃ የወረቀት ሥራ ስሠራ እሰማዋለሁ፤ ጢን፣ ጢን። በጢኑ ቁጥር ሥራ አስኪያጁ በመስታወቱ ውስጥ ቀና ይላል።

ይህ ሁሉ ሲደመር ምን እንደሚሆን ለእኔ ግልጽ ነበር። ስክሪኑ ጀርባችንን በምንሰጠው የመስታወት ክፍል በኩል ይታያል። ፊደሉ የተለቀው ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ሳይነሳ እንዲያነብ ነው። ሴትየዋ ትናንት የጻፍኩትን እያወጡ ስህተቴን ያሳዩታል፤ ደወሉ ደግሞ “ቀና በል” ማለት ነው። ሰሙ ምን እንደሆነ ብቻ አልደረስኩበትም። እሱንም ለማወቅ አንድ ጠዋት ሥራ ሳይገባ ማልጄ ሄድኩ።

ዘበኛው ደጁ ላይ ውሃ እየረጨ ነበር። እኔ በመንገዱ በኩል በመስኮቱ አየሁ። ሴትየዋ ብቻቸውን ናቸው፤ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ቢጫው ብርሃን ግንባራቸው ላይ ወድቋል። የሚያነቡት በዓይን ሳይሆን በአንገት ነበር፤ ጭንቅላታቸው ከመስመሩ ጋር ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ያ የተሰነጠቀ ጥፍር ያለው ጣት ቁልፎቹን እየዳበሰ ሰሙን ፈለገ፣ አገኘ፣ ተጫነ። ጢን። ሲሰሙ ወደ ቀጣዩ መስመር ወረዱ።

ለሳምንታት የገነባሁት ሴራ እዚያው እግረኛ መንገዱ ላይ ፈረሰ። ትንሽ አሳዘነኝ፤ ጥሩ ሴራ ነበር።

ስገባ ዞር አላሉም። “ማነው?”

“እኔ ነኝ።”

“ከመቼ ጀምሮ ነው የቆምከው?”

“አሁን ነው የመጣሁት።”

“ውሸታም። በል ሂድና ለአለቃህ ንገረው። ሰኔ ደርሷል።”

“ሐኪም አይቶዎታል፣ እትዬ?”

“እሱስ አይቶኛል። እኔ ነኝ እሱን ያላየሁት።”

ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው ሳቁ፤ የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም። “ለማን? ፊደሉን በየቀኑ እንደ ሰናፍጭ እያደቀቀ ሊያባርረኝ ለሚፈልግ?” ለካ እሳቸውም የራሳቸው ሴራ ነበራቸው። የእሳቸው ከእኔው ይልቅ አሳማኝ ነበር።

የዚያን ዕለት አንድ ቁልፍ አዘጋጀሁ። አንዴ ሲነካ ፊደሉ ይተልቃል፤ ዳግም ሲነካ ያንሳል። በመስታወቱ በኩል ጭንቅላታቸው ስክሪኑን ይሸፍነዋል፤ የሥራ አስኪያጁ በር ደግሞ ሲከፈት ሲጥ ይላል፤ ያንን ሲሰሙ ቁልፏን መንካት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። ይህን ያደረግኩት ከደግነት እንዳይመስላችሁ። ያ ሰውዬ ከኋላችን ተቀምጦ ሲጠብቅ የነበረውን ነገር እንዲያገኝ አልፈለግኩም። ሴትየዋ ቁልፏን እየዳበሱ፣ “ምን ፈልገህ ነው?” አሉኝ።

“ምንም።”

“ምንም አይባልም። የሆነ ነገርማ አለ።”

ቁልፏ ሠራች። ዘበኛው አንድ ቀን በሩን ዘይት ሊቀባ ጣሳ ይዞ ቢመጣ እትዬ፣ “ሽታው ያመኛል፣ ውሰድልኝ!” ብለው አባረሩት። የማሽን ዘይት ሲያሸቱ የኖሩት ሴትዮ።

ያላሰብነው አውሮፕላኑን ነበር። ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አንድ ረፋድ፣ ከበላያችን አንድ ከባድ አውሮፕላን ተነሳ፤ መስኮቱ ተርገበገበ፤ በሩ ሲጥ ሲል ማንም አልሰማም። ድምፁ ሲያልፍ ሥራ አስኪያጁ ከኋላችን ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ያለችው አንዲት ቃል ጡብ ታህላለች።

“ይሄን ያተለቀው ማነው?”

ጣቱን ወደ ስክሪኑ ቀሰረ።

“የማያይ ሰው ለጭነት አይሆነኝም። አንድ ዜሮ ብትሳት የሰው ንብረት ካይሮ ያድራል። ማነው?”

የእትዬ ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ደርቀው ቀሩ። እኔ የወረቀት ክምር ታቅፌ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

“እኔ ነኝ” አልኩ። “ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ደካማ ነው። ማታ አስተካክዬ መሄድ ረስቼ ነው።”

“አንተ?” አለና ወደ እሳቸው ዞረ። “እርስዎስ?”

እትዬ ፊታቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ፣ “እኔማ በሱ ፊደል መከራዬን ነው የማየው” አሉ። “ስንቴ አሳንስልኝ ብዬዋለሁ። ይሄ ልጅ መስማትም አይሰማ።”

አሁንም ሳስበው ያስቀኛል። ሰው ገደል አፋፍ ላይ እጁን ዘርግቶልህ፣ እጁን ይዘህ መውጣቱ ሳያንስህ እሱን ወደ ገደሉ መግፋት። ግን ደግሞ ልክ ነበሩ። ቢያመሰግኑኝ ኖሮ ሁለታችንም አልቆልን ነበር። እንደዚያ ዓይነት ፍጥነት ያለው ዕድሜውን ሙሉ ሲጠራጠር የኖረ ሰው ብቻ ነው።

በሰኔ መጨረሻ የተሰናበትኩት እኔ ነኝ። ወጣት ነበርኩ፤ ሥራ አይጠፋም አልኩ፤ ጠፋ፤ ኋላ ተገኘ። የመጨረሻው ቀን ዕቃዬን ስሰበስብ የኔዋ ቁልፍ ላይም የጧፍ ሰም ጠብ ተደርጎባት አየሁ። እትዬ ሹራባቸውን እየቆለፉ በር ድረስ ሸኙኝ። ደግ ቃል የሚናገሩ መስሎኝ ነበር።

“እስካሁን አልገባኝም” አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ምን ፈልገህ ነው?”

“ምንም አልፈለግኩም እኮ፣ እትዬ።”

ፊቴን ለማየት ቀረብ አሉ፤ ስክሪኑን እንደሚያዩት፣ አፍንጫቸው ሊነካኝ እስኪደርስ። ከግራ ወደ ቀኝ አነበቡኝ። “እሺ” አሉ። አላመኑኝም።

ከዚያ በኋላ አመሻሽ ላይ በሚኒባስ በቦሌ መንገድ ሳልፍ ሁልጊዜ በዚያ በኩል ያለውን ወንበር እሻማ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ሰዓት ስለሚወጣ ፊደሉን የሚያሳንሱለት ሰው የለም። መብራቱ አይበራም፤ ግን በመስኮቱ ውስጥ ቢጫው ፊደል እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ወለል ብሎ ይታያል። የተጻፈውን ማንበብ አልችልም፤ አያስፈልገኝምም። እትዬ አሁንም እዚያ አሉ ማለት ነው።

አንድ ምሽት መኪናው እዚያው ፊት ለፊት ቆመ። ረዳቱ ሒሳብ ይለኛል፤ አልሰማሁትም። ስክሪኑ በርቷል። ፊደሉ አረንጓዴና ጥቃቅን ነበር፤ ከመንገዱ ሲታይ አቧራ ነው የሚመስለው።